መሬት ሲቀርብ ሥራ ይበዛል፦ ከባለ ሸራ ጀልባችን የሥራ ማስታወሻ

ጀልባዋ

ርዝመቷ 10 ሜትር ነው። አንድ ምሰሶ፣ ሁለት ሸራ፣ አንድ ትንሽ የናፍጣ ሞተር አላት። ውስጧ አልጋ፣ ምድጃ፣ የካርታ ጠረጴዛና ሰው ገብቶ የሚታጠፍበት ሽንት ቤት አለ። እኔና ባለቤቴ የምንኖረው እዚህ ነው። የባህሩን ዳርቻ ይዘን ከወደብ ወደ ወደብ እየወረድን ነው። የተበላሸውን፣ የተሠራውንና ገና የቀረውን እዚህ እጽፋለሁ። የጉዞ ወግ የፈለገ ሰው ሌላ ቦታ ይፈልግ፤ እዚህ የሚበዛው ብሎን ነው።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀን ስለ መሃል ባህር ነው። «ማዕበሉ አያስፈራችሁም?» ይሉናል። ያስፈራል እንጂ። ግን ጥልቅ ውሃ ላይ ያለች ጀልባ የምትጋጨው ነገር ብዙም የለም። ጀልባ የሚሰብረው ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩ ደግሞ ያለው መሬት አጠገብ ነው። እኛ በየቀኑ መሬት አጠገብ ነን። ከመልህቅ እስከ ሞተር የምንለፋበት ነገር ሁሉ የሚሰጠን ከሁለት አንዱን ነው፦ ከመሬት መራቅን፣ እሱ ካልሆነ ጊዜን።

ሰኞ፣ መልህቅ ላይ

የሰንሰለቱ ምልክት ጠፍቷል። ቀለም ቀብተነው ነበር፤ አሸዋው ፍቆ ጨረሰው። የትኛው ጋ 20 ሜትር እንደሆነ፣ የትኛው ጋ 30 እንደሆነ መለየት አይቻልም። ዛሬ ሰንሰለቱን በሙሉ አውጥተን ዘረጋነውና በየ10 ሜትሩ ቀለበቱ ውስጥ ጠንካራ የጨርቅ ቁራጭ አሰርን። 10 ላይ አንድ፣ 20 ላይ ሁለት፣ 30 ላይ ሦስት። በጨለማም ቢሆን በእጅ ዳብሶ መቁጠር ይቻላል።

መልህቅ የሚይዘው በክብደቱ ብቻ አይደለም። ምላሱ አሸዋ ውስጥ የሚቀበረው ሰንሰለቱ የባህሩ ወለል ላይ ተኝቶ ወደ ጎን ሲጎትተው ነው። ሰንሰለቱ ካጠረ ጀልባዋ በሞገድ ቀና ባለች ቁጥር መልህቁን ወደ ላይ ትነቅለዋለች። ስሌቱ ቀላል ነው። ጥልቀቱ 5 ሜትር ነው እንበል። ባህሩ ሲሞላ 2 ሜትር ይጨምራል። የጀልባዋ አፍንጫ ደግሞ ከውሃው 1 ሜትር ከፍ ይላል። ድምሩ 8 ነው። ይህን በ5 አባዝተን 40 ሜትር ሰንሰለት እንለቃለን። ነፋስ ይበረታል ከተባለ በ7 እናባዛለን፤ ቦታው ከፈቀደ ማለቴ ነው፣ ምክንያቱም ጀልባዋ የሰንሰለቷን ያህል ክብ እየሠራች ትዞራለች፣ ጎረቤትም አለ።

መልህቅ ስንጥል አንነጋገርም። ሞተር እየጮኸ፣ ነፋስ እየነፈሰ፣ እሱ ከፊት እኔ ከኋላ ሆነን መጯጯህ ትርፉ ጠብ ነው። ባልና ሚስት መልህቅ ሲጥሉ ከተጣሉ ደግሞ አካባቢው ያለ ጀልባ ሁሉ ወጥቶ ነው የሚያየው። በእጅ ምልክት እንግባባለን። መዳፍ ወደ ፊት፦ ቀስ ብለሽ ሂጂ። ጡጫ፦ አቁሚ። አውራ ጣት ወደ ኋላ፦ ማርሹን ወደ ኋላ አድርጊ።

ሰንሰለቱ ካለቀ በኋላ ሞተሩን ወደ ኋላ አድርጌ ቀስ እያልኩ ጋዝ እጨምራለሁ። እሱ ባዶ እግሩን ሰንሰለቱ ላይ ያሳርፋል። መልህቁ እየተንሸራተተ ከሆነ ሰንሰለቱ ይንቀጠቀጣል፤ ያ መንቀጥቀጥ እግር ላይ ይታወቃል። ከያዘ ይወጠርና ጸጥ ይላል። ስልኮቻችን ላይ የመልህቅ ማንቂያ አለን፣ ጥሩ ነው። እኔ ግን ከእግሩ በላይ የማምነው መሣሪያ የለኝም።

የመጨረሻው ሥራ የናይለን ገመድ ነው። አንዱ ጫፍ በመንጠቆ ከሰንሰለቱ ጋር ይያያዛል፣ ሌላው ጀልባዋ ላይ ይታሰራል። ሰንሰለት አይለጠጥም፣ ናይለን ይለጠጣል። የሞገዱን ምት ገመዱ ይውጠዋል፤ እኛም የሰንሰለት ጩኸት ሳንሰማ እንተኛለን።

ረቡዕ፣ ሞተር

ሞተሩን ባስነሳሁ ቁጥር ከኋላ ጎንበስ ብዬ የጭስ ማውጫውን አያለሁ። የኛ ዓይነት ሞተር ከጭሱ ጋር ውሃ ይተፋል። የሚቀዘቅዘው የባህር ውሃ ስቦ፣ አዙሮ፣ መልሶ በመጣል ነው። ዛሬ ጠዋት የሚተፋው ውሃ ቀጥኗል፤ ነጭ እንፋሎትም አለው። ወዲያው አጠፋሁት።

የሞተሩ ቦታ ከደረጃው ስር ነው። ባለቤቴን ትከሻው አያስገባውም፤ ስለዚህ የሞተር ሥራ የኔ ነው። መጀመሪያ የባህር ውሃ መግቢያውን ዘጋሁ። እሱ ሳይዘጋ ቱቦ ከተፈታ ባህሩ ቤት ይገባል። ከዚያ ማጣሪያውን ከፈትኩ። ትንሽ የባህር ሣር አለበት፣ ግን አልተደፈነም። ስለዚህ ጣጣው ያለው ፓምፑ ላይ ነው።

የፓምፑን ክዳን የያዙት ትናንሽ ብሎኖች ናቸው። ከታች ያሉት ሁለቱ በዓይን አይታዩም። በግራ እጅ ጣት ራሳቸውን እየፈለግኩ፣ በቀኝ እጅ አጭር ካቻቢቴ ይዤ፣ ሩብ ዙር በሩብ ዙር ነው የፈታኋቸው። ከስር ፎጣ አንጥፌያለሁ። እዚያ የወደቀ ብሎን ሄደ ማለት ነው።

ውስጡ ያለው ኢምፔለር ይባላል፤ ክንፎች ያሉት የጎማ ክብ ነው። ሲዞር ክንፎቹ እየታጠፉና እየተዘረጉ ውሃውን ይገፋሉ። በፒንሳ ጎትቼ ሳወጣው ከስድስቱ ክንፎች ሁለቱ የሉም። የተረፉትም ስራቸው ላይ ተሰንጥቀዋል።

መቀየሩ ቀላል ነው። ሥራው የጠፉትን ክንፎች መፈለግ ነው። ካልተገኙ ከውሃው ጋር ሄደው ጠባቦቹ የማቀዝቀዣ ቱቦዎች አፍ ላይ ይወሸቃሉ። ዛሬ ሁሉም ደህና ይመስላል፤ ከጊዜ በኋላ ሞተሩ ይግላል። የሚግለው ደግሞ በጣም በሚፈለግበት ሰዓት ነው፣ ወደብ መግቢያ ላይ፣ በግራና በቀኝ ድንጋይ እያለ። ስለዚህ ቱቦውን ፈታሁ። አንዱ ክንፍ እዚያው መታጠፊያው ላይ ተጋድሞ አገኘሁት። ሁለተኛው ለሁለት ተበጥሶ ማቀዝቀዣው ድረስ ዘልቋል። ቀጭን ሽቦ ጫፉን አጥፌ አንድ በአንድ ሳብኳቸው። ከዚያ ቁርጥራጮቹን ጠረጴዛው ላይ ከአሮጌው ኢምፔለር ጋር ገጣጠምኩ። ምንም አልጎደለም። አዲሱን የገጠምኩት ይህን ካየሁ በኋላ ነው።

ለሚሞክር ሰው፦ አዲሱ ሲገባ የሳሙና ውሃ ወይም ግሊሰሪን ይቀባል። ግራሶ አይቀባም፤ የነዳጅ ዘር የሆነ ቅባት ጎማውን ያበላሸዋል። ክንፎቹም ሲዞሩ ጫፋቸው ወደ ኋላ ተጎትቶ እንዲከተል ሆነው ነው የሚታጠፉት።

አስነሳሁት። ውሃው ድሮ እንደሚተፋው ተፋ። ባለቤቴ ከላይ ሆኖ «በደንብ እየወጣ ነው!» አለኝ። እኔ ራሴ ወጥቼ አየሁት። ስለማላምነው አይደለም፤ ሁለት ሰዓት ከደረጃ ስር ተጣጥፎ የቆየ ሰው ያንን ውሃ ማየት ይገባዋል።

ዓርብ ሌሊት፣ በጉዞ ላይ

ፍጥነታችን በሰዓት 5 የባህር ማይል ነው። አንድ የባህር ማይል 1,852 ሜትር ነው፣ ስለዚህ በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ገደማ እንሄዳለን ማለት ነው። ሶምሶማ የሚሮጥ ሰው ይቀድመናል። 100 ማይል ለመሄድ 20 ሰዓት ስለሚፈጅ ሌሊት መጓዝ አይቀርም።

በየሦስት ሰዓቱ ተራ እንገባለን። ከምሽቱ 3 እስከ 6 እሱ፣ ከ6 እስከ 9 እኔ፣ ከ9 እስከ 12 ደግሞ እሱ። ጠዋት ላይ የተከፋው ይተኛል። ዳርቻ ላይ ተራ ጠባቂ እንቅልፍ አይሞክርም። ዓሣ አጥማጆች አሉ፣ መረብ አለ፣ መብራት የሌለው ተንሳፋፊ ምልክት አለ። ትልልቆቹ መርከቦች በመሣሪያችን ላይ ከነስማቸውና ከነፍጥነታቸው ይታያሉ። ትንንሾቹ የዓሣ ጀልባዎች ብዙዎቹ አይታዩም። ለነሱ ያለን ዓይን ብቻ ነው።

የመብራት ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1972 በወጣው ዓለም አቀፍ የግጭት መከላከያ ደንብ የተወሰነ ነው። የመርከብ ግራ ጎን ቀይ፣ ቀኝ ጎን አረንጓዴ፣ ኋላው ነጭ። ፊት ለፊቴ ቀይ ካየሁ ግራ ጎኑን እያሳየኝ ነው፤ ከቀኜ ወደ ግራዬ ያልፋል። ቀዩንና አረንጓዴውን አንድ ላይ ካየሁ አፍንጫው ወደ እኔ ነው። ያኔ ኮምፓስ አነሳለሁ። የመርከቡ አቅጣጫ ከደቂቃ ደቂቃ ከተቀየረ ያልፈናል። አቅጣጫው ሳይቀየር መብራቱ እየደመቀ ከመጣ የምንገናኘው አንድ ነጥብ ላይ ነው። በሰዓት 20 ማይል የሚሄድ መርከብ 5 ማይል የሚፈጅበት ሩብ ሰዓት ነው።

ሌሊት ከዳርቻው ከ5 ማይል አንጠጋም። ቁጥሩ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ነፋሱ ቢሞት፣ ሞተሩ እምቢ ቢል፣ በሰዓት አንድ ማይል የሚሄድ የውሃ ፍሰት ወደ መሬት ቢወስደን 5 ሰዓት አለን። በ5 ሰዓት ኢምፔለር ይቀየራል። የናፍጣ ፊልትሮ ይቀየራል፣ አየሩም ይወጣል። ያ ሁሉ ባይሆን እንኳ ጥልቀቱ መልህቅ እስኪደርስበት ጠብቀን እንጥላለን።

ሌላው ሕግ ገመድ ነው። ብቻውን ተራ የያዘ ሰው ቀበቶው ከጀልባዋ ጋር ሳይታሰር ከታች አይወጣም። ከኮክፒት፣ ማለትም መሪው ካለበት መቀመጫ፣ ወጥቶ ወደ ምሰሶው መሄድ ካለበት መጀመሪያ ሌላውን ይቀሰቅሳል። ከሁለት ሰው አንዱ ባህር ቢወድቅ ሌላው ተኝቷልና ማንም አያውቅም። «ተነስ፣ ሸራ ልቀንስ ነው» ማለት ነውር አይደለም። ዛሬ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ አልኩት። ነፋሱ በሰዓት ከ10 ማይል ወደ 20 ወጥቷል። እጥፍ ሆነ እንጂ ምን አለው የሚል ይኖራል። የነፋስ ግፊት ግን ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ሸራው ሳይቀነስ ቢቆይ ጀልባዋ ጎኗ ላይ ትተኛለች፣ መሪውም ይከብዳል። ሰባት ደቂቃ ያህል ፈጀብን። ተመልሶ ተኛ፤ ጫማውን እንኳ አላወለቀም።

ቅዳሜ፣ ባትሪ

አጭር ማስታወሻ። የእርሳስ ባትሪዎቻችን በወረቀት 200 አምፔር ሰዓት ይይዛሉ። ዕድሜያቸው እንዳያጥር የምንጠቀመው ግማሹን ብቻ ነው። መለኪያው ባትሪው አርፎ 12.2 ቮልት ካሳየ ግማሽ ደርሰናል፣ መቆጠብ ይጀመራል። ዋናው በላተኛ ማቀዝቀዣው ነው፤ ቀጥሎ ራሱ የሚነዳው መሪ። ሶላሩ በፀሐይ ቀን ይችለናል፣ በደመና ቀን አይችልም።

ወደ ሊቲየም መቀየር እንፈልጋለን። ግን ባትሪውን አውጥቶ ባትሪ መተካት ብቻ አይደለም። ሊቲየም የሰጡትን ሁሉ ሳያንገራግር ስለሚቀበል የሞተሩን ዲናሞ ሳያሳርፍ ያሠራዋል፣ ዲናሞውም ግሎ ይቃጠላል። መሃል ላይ የሚቆጣጠር መሣሪያ ይፈልጋል። እሱ እስኪመጣ ማታ ማታ መብራት እናጠፋለን።

እሑድ፣ ሽንት ቤት

የባህር ውሃና ሽንት ሲገናኙ ቱቦው ውስጥ ነጭ ድንጋይ ይሠራሉ። ዛሬ ቱቦው ተፈቶ፣ ታጥፎ፣ በመዶሻ ተደብድቦ ድንጋዩ ወጣ። ሥራው በዕጣ ነበር። ዕጣው ለባለቤቴ ወጣ። ሌላ የምጨምረው የለኝም።

ማክሰኞ፣ ካቮና ሸራ

ምሰሶውን በየአቅጣጫው ወጥረው የያዙት የማይዝግ ብረት ካቮዎች ናቸው። እያንዳንዱ ካቮ 19 ቀጫጭን ሽቦ ተገምዶ የተሠራ ነው። አንዱ ሽቦ ሲበጠስ ከሩቅ አይታይም። ስለዚህ ጥጥ እንጠቀማለን። ቁራጭ ጥጥ ካቮው ላይ ጠቅልዬ ከላይ እስከ ታች እስባለሁ። ካቮው ደህና ከሆነ ጥጡ ተንሸራቶ ይወርዳል። የተበጠሰ ሽቦ ካለ ጥጡን ይይዘዋል።

ዛሬ ያዘው። በግራ በኩል፣ ታች፣ ካቮው ብረት ማያያዣው ውስጥ ከሚገባበት ትንሽ ከፍ ብሎ። የማይዝግ የሚባለውም ብረት እዚያ ላይ ይታመማል። ጨዋማ ውሃ ማያያዣው ውስጥ ወርዶ ይቀራል፣ አየር አይደርሰውም፤ ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀው ስስ ሽፋን ደግሞ ለመታደስ ኦክስጅን ይፈልጋል። ከላይ ሲታይ ያብረቀርቃል፣ ውስጡ ግን ይበላል።

ከ19 አንድ ቢበጠስ ምሰሶው ዛሬ አይወድቅም። ሁለተኛው ግን መቼ እንደሚከተል አይታወቅም። በጣም ጠንካራ ቀጭን ገመድ ከካቮው ጎን ለጎን ወጥረን አሰርን። ካቮው እስኪቀየር ነፋስ ከግራ ከሆነ በትንሽ ሸራ ብቻ እንሄዳለን፤ ጭነቱን የሚሸከመው ነፋሱ በሚመጣበት ጎን ያለው ካቮ ነው። አንዱ ከተበጠሰ ሌሎቹም እኩዮቹ ስለሆኑ ቀጣዩ ወደብ ላይ ሁሉንም አብረን እንቀይራለን።

ከሰዓት በኋላ ሸራ ሰፋን። ማለቴ እሱ ሰፋ፤ ትዕግሥቱ የሱ ነው። ፀሐይ ከሸራው ጨርቅ በፊት የምትጨርሰው ክሩን ነው። ጨርቁ ደህና ሆኖ ስፌቱ በጥፍር ሲጫር ይበናል። ደስ የሚለው ነገር የድሮው መርፌ የበሳቸው ቀዳዳዎች አሉ። አዲስ ሳይበሳ በነዚያው መመለስ ይቻላል። መዳፉ ላይ ብረት ያለበት ቆዳ አጥልቆ መርፌውን በመዳፉ ይገፋል። አንድ ዙር ሄዶ በባዶዎቹ ቀዳዳዎች ይመለሳል። እኔ ከሌላው ጎን ሆኜ መርፌውን እየተቀበልኩ ወሬ አወራለሁ። የኔ ድርሻ እሱ ነው።

ሐሙስ፣ የወንዝ አፍ

ለመጠለል የፈለግነው ወንዝ አፉ ላይ የአሸዋ ጉብታ አለው። ካርታው ጉብታው ላይ 1.5 ሜትር ይላል። የኛ ጀልባ ከሆዷ ስር የወረደውን ከባድ ብረት ጨምሮ 1.8 ሜትር ውሃ ትፈልጋለች። በቃ አይቻልም ማለት ግን አይደለም። በብዙ አገሮች ካርታ ላይ የሚጻፈው ባህሩ እጅግ ሲጎድል የሚኖረው ጥልቀት ነው። ቀሪው ሂሳብ ነው።

ባህሩ ከጉድለት እስከ ሙላት ስድስት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ይወስድበታል። የሚሞላው ግን እኩል እኩል አይደለም። ጠቅላላውን ለ12 ከፍሎ በመጀመሪያው ሰዓት አንድ እጅ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሦስት ሦስት፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አንድ ብሎ ማስላት ይቻላል። ዛሬ የጎደለው ባህር ከካርታው 0.5 ሜትር ከፍ ይላል፣ የሚጨምረው ደግሞ 3.6 ሜትር ነው። ስለዚህ ጉብታው ላይ መጀመሪያ 2 ሜትር አለ። ከአንድ ሰዓት በኋላ 2.3። ከሁለት ሰዓት በኋላ 2.9። ለሞገድ መጠባበቂያ 1 ሜትር ስጨምር የምንፈልገው 2.8 ነው። ሁለት ሰዓት ጠበቅን።

መጠበቁ ለጥልቀት ብቻ አይደለም። ውሃ እየሞላ ሲገባ ብንነካ እንኳ ትንሽ ቆይቶ ያነሳናል። እየጎደለ ከነካን ቀኑን እዚያው ነን፣ ተጋድመን። ደግሞ ወንዙ ወደ ውጪ ሲፈስ ከባህሩ ሞገድ ጋር ይጋጭና ሞገዱ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ይሰበራልም። ከባህሩ በኩል ሲታይ የሞገዱ ጀርባ ብቻ ስለሚታይ ጸጥ ያለ ይመስላል፤ ለዚህ ነው ዓይንን ሳይሆን ሰዓትን የምናምነው።

ገባን። መለኪያው ዝቅተኛው 3 ሜትር አሳየ። እኔ መሪ ላይ፣ እሱ ቁጥሩን ጮክ ብሎ እየነገረኝ።

አሁን

ከፊታችን ትልቅ አፍንጫ አለ፤ መሬቱ ረዝሞ ባህሩ ውስጥ የገባበት። እንዲህ ያለ ቦታ ነፋሱ ይጠብና ይፈጥናል፣ የውሃው ፍሰትም እንዲሁ። ሁለቱ ተቃራኒ ከሆኑ ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል። ትንበያው ለሁለት ቀን ነፋሱን ከባህር ወደ መሬት ያደርገዋል። ያ ነፋስ እያለ አንወጣም። ሞተር ቢቆም፣ ያ የታመመ ካቮ ቢበጠስ፣ የምንገፋው ወደ ድንጋዩ ነው።

ከሁለት ቀን በኋላ ነፋሱ ይዞራል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት እንነሳለን። ቀን መሬቱ ሲሞቅ አየሩ ወደ ላይ ይወጣል፣ በምትኩ ከባህር የሚመጣው ነፋስ ከረፋድ ጀምሮ ይበረታል፤ እሱ ሳይነሳ አፍንጫውን ማለፍ ነው ዕቅዳችን። ውሃው ከኛ ጋር የሚሄድባቸው ሰዓቶችም ከዚሁ ጋር ገጥመዋል። 6 ማይል ርቀን እናልፋለን። አራት ማይል ይበቃል የሚል ሰው አግኝተናል። ባለቤቴ «የሱ ካቮ ደህና ነዋ» አለ።

እስከዚያ የቀረው ሥራ ይህ ነው። ያለን መለዋወጫ ኢምፔለር አንድ ብቻ ስለሆነ ሁለት ማዘዝ። የናፍጣ ፊልትሮው ስር ያለውን ብርጭቆ ከፍቶ የተጠራቀመውን ውሃ ማፍሰስ። የጋዝ ጠርሙሱን ማያያዣ በሳሙና አረፋ መፈተሽ፤ ጋዙ ከአየር ይከብዳልና ካፈሰሰ ጀልባዋ ሆድ ውስጥ ነው የሚተኛው። የካቮዎቹን ርዝመት ለክቶ ወደብ ላለው ሠራተኛ አስቀድሞ መላክ። ልኬቱን ነገ ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ ባለቤቴ ምሰሶው ላይ ወጥቶ ይወስዳል፣ እኔ ከታች በሁለት ገመድ እይዘዋለሁ።